ኮምፒውተሩን ያሸጋገርኩበት እንቁጣጣሽ

ትኩስ ወረቀት ከፎቶ ኮፒ ማሽን ሲወጣ የሚሸተውን ሽታ ሰው አይወደውም፤ እኔ እወደዋለሁ። የትኛውም ቢሮ ይሽተተኝ፣ እግሬ እዚያው ቆሞ ልቤ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ይደርሳል፤ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ካለችው የእናቴ አንድ ክፍል ሱቅ። ደጃፏ ላይ «የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት» የሚል ጽሑፍ ነበረ። ውስጧ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ማተሚያ፣ ከስልክ መስመር ጋር የተያያዘ ሞደም፣ እንዲሁም ሆዱ ወደ ኋላ የተንዘረጠጠ አሮጌ ኮምፒውተር ነበሩ። ሲያረጅ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተሽጦ ነው እኛ ዘንድ የመጣው። ለእኔ ግን ያን የመሰለ ዕቃ በእስቴ ምድር አልነበረም።

የምነግራችሁ የ2003ን መስከረም ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ልገባ። እናቴ፣ የዝና፣ ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ ስትጽፍ ትውላለች፤ እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደንበኛ ሳይመጣ ሱቁን እከፍታለሁ፣ የኮምፒውተሩን ጥልፍ ልብስ አነሳለሁ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ወረቀት እሞላለሁ። ከዚህ ሥራ የተነሣ ዕቃውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። እናቴማ የምታውቀው መጻፍ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ያልከፈትኩት የለም። ምን ላድርግ፣ እጄ አያርፍም ነበር።

በዚያ ክረምት አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከቤተ ልሔም መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። አገር ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ድጓ ማለት የቤተ ክርስቲያኑ የዓመት ዜማ ነው፤ የትም ይማሩት የት፣ ተማርኩ ለማለት ቤተ ልሔም ሄዶ ተፈትኖ ማስመስከር ግድ ነው። አባባ እንግዲህ ተማሪውን ፈትነው «ያውቃል» ብለው ከሚመሰክሩት ወገን ናቸው። ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። የግራው ከሄደ ቆይቷል፤ የቀኙም ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር ሥራ ፈትቶ ነበር። ደቀ መዝሙራቸው እየመራ አምጥቶ ለእናቴ አስረከባትና ተመለሰ። ክረምቱን ሙሉ ሱቋ ውስጥ ፎቶ ኮፒው አጠገብ ተቀመጡ፤ ይሞቃል ብለው ነው። ኮምፒውተሩን «ሣጥኑ» ይሉታል። «ሣጥኑ ዛሬ ምን አለ?» ሲሉኝ የሌለ ወሬ ሁሉ ፈጥሬ አወራላቸዋለሁ።

እንቁጣጣሽ ቅዳሜ ዋለ። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን አባባ ተቀመጡና ጉልበታቸውን ስስም «እንኳን ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ በሰላም አሸጋገረሽ» አሉኝ። «እንኳን አብሮ አሸጋገረን» አልኩ።

«ለጎረቤቱ ሁሉ በይ። ሰው ብቻውን አይሸጋገርም።»

ይኸን ቃል እንደ ሥራ ያዝኩት። ለጎረቤቱ አልኩ። ለላማችን አልኩ። ለዶሮዎቹ አልኩ፤ አንደኛዋ እዚያው ድስት ውስጥ ነበረች፣ ለእሷ ቀረባት። ከዚያ ኮምፒውተሩ ትዝ አለኝ። እኛ ሁላችን ተሸጋግረን እሱ ብቻውን በተቆለፈ ቤት ይቅር? ቁልፉን ከመስኮቱ ሥር አነሣሁና ሄድኩ።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ከስክሪኑ ታች በስተቀኝ ጥግ ሰዓቱ አለ። እሱን ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉት የቀን መቁጠሪያ ይወጣል። ሴፕቴምበር 2010 ይላል። የፈረንጅ አቆጣጠር የሚባል እንዳለ ከትምህርት ቤት ሰምቻለሁ፤ ግን ያ ፈረንጅ አገር ነው። መካነ ኢየሱስ ተቀምጦ፣ የእኛን መብራት እየበላ፣ የእኛን ማመልከቻ እየጻፈ፣ ከእኛ ሰባት ዓመት ቀድሞ የሚሮጥበት ምክንያት አልታየኝም። የዓመቱን ቀስት ወደ ታች ሰባት ጊዜ ተጫንኩት። 2003 ሆነ። ከወሮቹ የመጀመሪያውን መረጥኩ፤ ቀኑንም አንድ አልኩት። «እንኳን አሸጋገረህ!» ብዬ ዘጋሁትና ደስ እያለኝ ለዶሮ ወጡ ሮጥኩ።

ሰኞ ነርስ አስቻለው መጣ። አባባን ክረምቱን ሙሉ ሲያያቸው የነበረ፣ ፈጣንና ቅን ሰው ነበር። በእጁ ቁራጭ ወረቀት ይዟል።

«የዓይን ሐኪሞች ደብረ ታቦር ሊመጡ ነው» አለ፤ «ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ አንድ ሳምንት ብቻ። ሞራውን ይገፉታል። ግን እስከ ዓርብ ድረስ ስማቸውን በዚህ አድራሻ ላይ መዝግባችሁ፣ የሚሰጣችሁን ወረቀት አትማችሁ መያዝ አለባችሁ። ወረቀቱን ያልያዘ በር አያልፍም።»

«ዓርብ ካለፈስ?» አለች እናቴ።

«ለከርሞ መምጣት አለመምጣታቸውን እግዜር ይወቀው። የየኔታ ሞራ ደግሞ በስሎ አልፎበታል፤ ሲቆይ ውስጡን ያበላሸዋል። ያን ጊዜ ሐኪም ቢመጣም ዋጋ የለውም።»

አባባ ከወንበራቸው «ተዉኝ ባካችሁ፤ ሰማንያ ልደፍን ነው፤ ያየሁት ይበቃኛል» አሉ። ወዲያው ግን «ዓርብ ነው ያልከኝ?» አሉ። አስቻለው ሊወጣ ሲል «ይህ ዓርብ ነው ወይስ የሚመጣው?» ብለው ጠየቁት። በሩን አልፎ ከሄደ በኋላም እናቴን «ዓርብ አለ አይደል?» አሏት። በልተው የጠገቡ ሰው እንጀራ አልቀረበም ወይ ብለው አይጠይቁም፤ ይኸ ለእኔም ገብቶኛል።

ማክሰኞ ጠዋት እናቴ ተቀመጠች። ሞደሙ እንደ ልማዱ ጮኸ፣ ፏጨ፣ አጉረመረመ፤ ተያያዘ። እኔ ቁራጩን ወረቀት እያነበብኩ፣ እሷ አንድ አንድ ፊደል እየፈለገች አድራሻውን ጻፈችና አስገባችው። ገጹ ነጭ ሆኖ ቆየ፣ ቆየ፣ መጨረሻ ላይ ላዩ ላይ የመስቀለኛ ምልክት ያለበት ቀይ ጋሻ ብቅ አለ። ከሥሩ እንግሊዝኛ ይዘበዝባል።

«ተሳስተን ነው፤ እስቲ ደግሜ» አለች። ደገመች። ቀይ ጋሻ።

«እማ፣ ይቺ አንድ ናት ወይስ ኤል?» አልኳት። የነርስ ጽሑፍ ታውቃላችሁ። አንድ አልናት፣ ኤል አልናት፤ በአንዱ ጨርሶ «እንዲህ ያለ አድራሻ የለም» አለን፣ በሌላው ቀይ ጋሻውን መለሰልን። የተጋደመውን ሰረዝ ወደዚያ አጋደምነው፣ ወደዚህ አጋደምነው። ከመጀመሪያው ቃል ጫፍ ላይ ያለችውን ኤስ እናቴ ትርፍ ናት ብላ አወጣቻት፤ ገጹ ራሱ መልሶ አስገባትና ጋሻውን አመጣ። «ወደ ገጹ ቀጥል» የምትል ነገር አገኘሁና ተጫንኳት፤ ባዶ ነጭ። የሚያናድደው ደግሞ ሌሎቹ ገጾች ይከፈታሉ። የዜናው ይከፈታል፣ የኳሱ ይከፈታል። የአባባ ዓይን ያለበት ብቻ እምቢ።

እናቴ ለአስቻለው ደወለች። «አድራሻው ትክክል ነው፤ ደብረ ታቦር ያሉት እየከፈቱት ነው» አላት። እነሱ ይመዝግቡልን ብትለው ጠይቆ «በስልክ አንመዘግብም አሉ» ብሎ መለሰላት። ሄደን እዚያው እንዳናትም ወንዙ ሞልቶ መኪና ቆሟል፤ ከቅዳሜ በፊት አይከፈትም ተብሏል።

ያን ጊዜ እናቴ ከኮምፒውተሩ ዞር አለችና «ከበዓሉ በፊት ደኅና ነበር። ማን ነካው?» አለች።

«ማንም» አልኩ።

እንዲህ ፈጥኜ በሕይወቴ መልሼ አላውቅም። ያን ያህል ሞኝ አልነበርኩም፤ የቅዳሜው ሥራዬ ትዝ አለኝ። ግን ቀንና አድራሻ ምን ያገናኛቸዋል አልኩ ለራሴ። እንኳን አሸጋገረህ ስላልኩት ነው እንዴ የሚያኮርፈው? ደግሞም ያለ ፈቃድ ቁልፍ ማንሣቴ ብቻውን አለንጋ የሚያስመዝዝ ነው። ወደ ፎቶ ኮፒው ዞሬ ወረቀት መሙላት ጀመርኩ።

ረቡዕ መምህር ጌታሁን መጣ። በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር የሚያስተምረው እሱ ነው፤ ኪሱ ሁልጊዜ ፍላሽ አይለየውም። እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። የስልኩን ገመድ ነቅሎ ሰካ። አጥፍቶ አስነሣ። የተጠራቀመ ነገር አለ ብሎ ሁሉንም ደመሰሰ። ቫይረስ ነው ብሎ ሁለት ሰዓት አስፈተሸው። ቀይ ጋሻው ከቦታው ንቅንቅ አላለም። መምህር ጌታሁን ላቡን ጠርጎ «ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ የዝና፤ የዛሬ ገጾች አይሆኑለትም» አለ።

«እርጅና ነው» አሉ አባባ ከጥጋቸው፤ «እንግዲህ ሁለት ሆንን።»

መምህር ጌታሁን ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፤ ውጭ ወጥታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ በመስኮት አየኋት።

ከሰዓት በኋላ አባባን ደጃፍ ላይ ፀሐይ ላስቀምጣቸው ይዣቸው ወጣሁ። ደረጃዋን ስተው ሊወድቁ ሲሉ ትከሻዬን ጨበጡ። ከተቀመጡ በኋላ እጃቸውን ከትከሻዬ አላነሡም።

«ስንዱ» አሉኝ፤ «ይበቃኛል ማለቴ ውሸት ነው። እኔስ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ድጓዎን ለማንበብ ነው አባባ?» አልኩ።

«ድጓውንማ በቃሌ አውቀዋለሁ። የቀረብኝ ሰው ነው። የሰው ፊት በቃል አይጠናም፣ ልጄ።»

ንገሪያቸው አለኝ ልቤ። አፌን ከፈትኩ። አንዲት ሴት መታወቂያ ልታስባዛ መጣችና ተነሥቼ ገባሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሴትዮዋ በመምጣቷ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የማፍርባት ደስታ እሷ ናት።

ሐሙስ መምህር ጌታሁን ተመልሶ መጣ። እንቅልፍ አልወሰደኝም አለ፤ እልኸኛ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ምንም ሳይነካ ጋሻው ሥር ያለውን እንግሊዝኛ ረጋ ብሎ አነበበና ለእናቴ ተረጎመላት። «የዚህ ገጽ ምስክር ወረቀት ጊዜው አልፎበታል፣ ወይም ጊዜው አልደረሰም ይላል።»

አባባ ቀና አሉ። «ምን አልክ? እስቲ ድገመው።»

ደገመላቸው።

«ገጽም ይመሰከርለታል እንዴ?»

«አዎ የኔታ። እንዲህ ያሉ ገጾች እውነተኛ ለመሆናቸው ሌላ የታወቀ አካል ይመሰክርላቸዋል። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ ይሰጣቸዋል። ኮምፒውተሩ ያን ሳያይ አይከፍትም።»

«እንዲህ በለኝ እንጂ! ይኸማ የእኛ አገር ሥራ ነው» አሉ አባባ፤ ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ። ድምፃቸው ተለወጠ፤ ተማሪ ፊት የተቀመጡ መሰሉ። «እኔ ለአንድ ደቀ መዝሙር አምና መስከርኩለት እንበል። አንተ ግን ካቻምና ቤተ ልሔም መጥተህ ‘እገሌ ተመስክሮለታል ወይ’ ብትለኝ ኖሮ ምን እልህ ነበር?»

«አላውቀውም ይሉኝ ነበር።»

«ምስክሩ ሐሰት ሆኖ ነው?»

«አይ... እኔ ቀድሜ መጥቼ ነው።»

«በል እንግዲህ። በደብረ ታቦር ሣጥን ይህ ገጽ ይከፈታል፤ ምስክሩ እውነት ነው ማለት ነው። ስለዚህ የሳተው ምስክሩ አይደለም፤ ጠያቂው ነው። ይህ ሣጥን ዛሬን ስንት ቀን ነው ይላል?»

መምህር ጌታሁን ወደ ስክሪኑ ጥግ ዞረ። ጥጉ ላይ የሚታየው ሰዓቱ ብቻ ነው፤ ቀኑን ለማየት የማውሷን ቀስት ላዩ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ ያን ደግሞ ማንም አላደረገም። አሳረፋት።

«ጃንዋሪ ስድስት» አለ ቀስ ብሎ። «2003። የፈረንጅ።»

ወደ በሩ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አልኩ።

«የእኛ ልደት በነሱ በስንት ይውላል?» አሉ አባባ።

«በጃንዋሪ ሰባት።»

«ስለዚህ ሣጥኑ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ላይ ነው። ከሁለት ሺህ ሦስት ስምንት ሲነሣ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አምስት። የልደት ዋዜማ!» ጉልበታቸውን መቱና ሳቁ። «እኛ እንቁጣጣሽን በልተን ጨርሰናል፤ ይህ ምስኪን ከስምንት ዓመት በፊት ጾም ላይ ነው። ምስክሩ ከየት ይምጣለት?»

እናቴም ሳቀች። አባባ ግን ማስላታቸውን አላቆሙም፤ አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶቻቸው አንጓ ላይ ወደ ኋላ ሄደ። ሐሙስ፣ ረቡዕ፣ ማክሰኞ፣ ሰኞ፣ እሑድ፣ ቅዳሜ። ስድስት፣ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። ቅዳሜ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ቅዳሜ ለሣጥኑ ጃንዋሪ አንድ ነበር» አሉ። «አንድ፣ አንድ፣ ሁለት ሺህ ሦስት። መስከረም አንድ ቀን የገባ ሰው አለ።»

ያን ቅዳሜ በዓል ነበርና ሱቁ ተቆልፎ ነበር። ቁልፉ የት እንደሚቀመጥ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንደኛዋ ዶሮ ስትሠራ ውላለች። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አባባ አልዞሩም፤ ፊታቸው ወደ በሩ ብርሃን ነበር። ስሜን አልጠሩም። መጥራት አቅቷቸው አይደለም፤ እኔው ራሴ እንድናገር ጊዜ እየሰጡኝ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ብቻውን እንዳይቀር ብዬ ነው። አሸጋግሬው ነው።» ከዚያ እንባው መጣ፤ ማቆሚያም አጣሁለት።

እናቴ እጇን አነሣች። አባባ የልብሷን ኮሽታ በሰሙበት አቅጣጫ እጃቸውን ዘርግተው ነጠላዋን ያዙ።

«ተይ፣ የዝና። ሰው ብቻውን አይሸጋገርም ያልኳት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ እኔ፣ በማይቆጣ ግን በማይቀልድ ድምፅ፦ «ሣጥኑን መንካትሽን ልጅነት ብዬ እተውልሻለሁ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ ዝም ማለትሽን ግን አልተውልሽም። ትናንት ደጃፍ ላይ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር።»

በአለንጋ ብገረፍ ይሻለኝ ነበር። አሁንም ድረስ የምለው ይኸንኑ ነው።

«በይ አሁን እንባሽን ጥረጊና የነካሽውን አንቺው መልሽው» አሉኝ።

መምህር ጌታሁን ተነሣልኝ። ሰዓቱን ሁለቴ ጠቅ አደረግኩ። ዓመቱን ሰባት ጊዜ ወደ ላይ፤ ወሩን ሴፕቴምበር፤ ቀኑን እሱ ነገረኝ። አድራሻውን እንደገና ጻፍኩት፤ ኤሷን ጨምሬ፣ ኤሉን ኤል ብዬ። ነጩ ገጽ ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለ፣ ሰማያዊ መስመር፣ የዓይን ሥዕል፣ የስም ቦታ።

እናቴ እልል አለች። በሱቅ ውስጥ፣ በሥራ ቀን፤ መንገደኛው ቆሞ አየን።

የአባባን ስም እኔ ጻፍኩ። ማተሚያው አንድ ወረቀት አወጣ። ወስጄ እጃቸው ላይ ሳስቀምጠው በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ አጥፈው ከደረት ኪሳቸው ከተቱት። እስከ ደብረ ታቦር ማንም እንዲይዝላቸው አልፈቀዱም።

ወንዙ ቅዳሜ ጎደለ፤ እሑድ አውቶቡስ ተሳፈርን። ከሐሙስ ጀምሮ ሦስት ቀን አኩርፈውኝ የቆዩት አባባ «መሪዬ ስንዱ ናት» ብለው እኔንም አስከተሉኝ። እናቴ ትምህርት ሊጀመር ነው ብትል አልሰሟትም። ሰኞ ሐኪሞቹ የቀኙን ዓይን ሠሩላቸው፤ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ በረጅሙ አዳራሽ ውስጥ ከሌሎቹ ሕሙማን ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ፋሻቸው ሊፈታ ተራ ጠበቁ። እናቴ ውኃ ልታመጣ ወጥታ ነበር። እኔ እፊታቸው ቆሜያለሁ።

ነርሷ ፋሻውን ፈትታ ጥጡን አነሣች። አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ገለጡ፤ እንባቸው ወረደ። ነርሷ ጣቶቿን አውጥታ «አባቴ፣ ይህ ስንት ነው?» አለቻቸው። ጣቶቿን አላዩም። እኔን ነበር የሚያዩት፤ መጀመሪያ ከእኔ ከፍ ብሎ ያለውን ባዶ ቦታ፣ ሰው የሚፈልጉ ይመስል፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ እስከ ፊቴ። ክረምቱን ሙሉ በድምፄና በትከሻዬ ብቻ ነበር የሚያውቁኝ።

«ስንዱ?» አሉ።

«አቤት አባባ።»

እጃቸውን ዘርግተው አገጬን ያዙ። ቀና አደረጉኝ፣ ወደ ብርሃኑ አዞሩኝ፣ ትክ ብለው አዩኝ።

«በሞትኩት!» አሉ። «ዘመን የቀየረችው ይቺ ናት? ይህን የምታህል ልጅ ናት እኔ ሦስት ቀን ሙሉ የተቀየምኳት?»